ሳይበስል የተሣለው ብርቱካን

ወልድያ ውስጥ ሞላን በመልኩ የማያውቀው በእጁ ጽሕፈት ያውቀዋል። ከጎንደር በር እስከ መናኸሪያው ድረስ የየሱቁን ሰሌዳ፣ የየልኳንዳውን የበሬ ራስ፣ የየባጃጁን የኋላ ጽሑፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራው እሱ ነበር። ባነር የሚያትሙ ማሽኖች ሲመጡ ሥራው ቀነሰ፤ ቀጥሎ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የቀረውንም ራሱ ተወው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከትልቋ ልጁ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ዕድሜው ስልሳ አራት ነው፤ ሲያዩት ግን ከዚያ በላይ ይመስላል።

ሰሌዳ ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው እምብዛም አልነበረም። እሱም አንሥቶት አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ድርቁ ከሰውና ከከብት ሌላ የሐብሩን ወረዳ የፍራፍሬ ዛፍም ፈጅቶት ነበር። በዚያን ጊዜ መርሳ ወንዝ ዳር የነበረ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፣ አቶ ኡበይደላ የሚባሉ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ሲራመዱ ግን የሚደርስባቸው የሌለ ሰው፣ የተረፉት ዝርያዎች ሳይጠፉ በሥዕል ይመዝገቡና መጽሐፍ ይታተም ብለው ተነሡ። የቀለም ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ተልኮ የሚታጠብበት፣ ታጥቦም ሲመጣ ቀዩና ብርቱካናማው የማይለይበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ሠዓሊ ፈለጉ። ወልድያ ውስጥ ለበዓላት መፈክር ሲጽፍ ያዩትን የሃያ አምስት ዓመት ወጣት፣ ሞላን፣ ወሰዱት።

ወፍራም ወረቀትና የውሃ ቀለም ከአዲስ አበባ መጣለት። አሠራሩንም አቶ ኡበይደላ ነገሩት። አንድ ፍሬ በአንድ ወረቀት ይሆናል። መኻል ላይ ሙሉው ፍሬ፣ ከጎኑ ለሁለት የተቆረጠው፣ ከላይ ቅጠሉና አበባው፣ ከሥር ዘሩ። በስተመጨረሻም የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ ይጻፋል።

«ትል የበላው ከሆነ ከነትሉ ሣለው» አሉት። «አታሳምርልኝ።»

ሞላም እንዲያ አደረገ። ለሁለት ዓመት ያህል ከመርሳ እስከ ውርጌሳ፣ ከጊራና እስከ ሐራ ቀለሙን በጣሳ፣ ወረቀቱን በጣውላ መኻል ይዞ ዞረ። ጊራና ውስጥ የአንድ ማንጎ ጉንጭ ከቢጫ ወደ ቀይ የሚያልፍበትን መስመር ለመያዝ ሦስት ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጧል። የአንዱን ዘይቱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ቀዶ ሦስተኛውን ነው ያስረከበው። ያን ጊዜ ውሸት የሚባል ነገር በእጁ አልነበረም። በዚያ ላይ ደስተኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለው ጊዜ ትዝ አይለውም።

ከሁሉ መጨረሻ የቀረው የሸህ አብዱልጀሊል ብርቱካን ነበር።

ሸህ አብዱልጀሊል ከመርሳ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቦታ ላይ የሚኖሩ ስልሳ የሞላቸው ገበሬ ነበሩ። ዘሩን አባታቸው ሐጅ አድርገው በየመን በኩል ሲመለሱ በመሐረብ ቋጥረው እንዳመጡት ይነገራል። ሌላው ብርቱካን ጥር ላይ ሲያልቅ የእሳቸው ግንቦት ላይ ነበር የሚደርሰው። በድርቁ ጊዜ ዛፏን ያተረፏት አምስቱንም የሶላት ወቅት ሥሯ ቁጭ ብለው ዉዱእ በማድረግ ነው፤ ለመታጠቢያ የተገኘችው ውሃ ፊታቸውን፣ እጃቸውንና እግራቸውን አርሳ ወደ ሥሯ ትወርዳለች።

ሞላ የሄደው ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነበር።

«ልጄ፣ አሁን ብትቆርጠው ሎሚ ነው የምታገኘው» አሉት ሸህ አብዱልጀሊል። «ግንቦት እስኪጋመስ ታገሠኝ። ውስጡ ይቀላል። እንደ ሮማን ልበልህ? ሮማንም አይደለም። ብቻ አንተው ስታየው ታውቀዋለህ።»

«እጠብቃለሁ፣ አንቱ ካሉ» አለ ሞላ። ሲለውም ከልቡ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። የታዘዙት አርባ ሥዕሎች በሚመጣው ዓርብ መኪና ተጭነው ይድረሱ፣ ሠዓሊውም አብሮ ይምጣ ይላል። አቶ ኡበይደላ ደግሞ ለሞላ፣ እዚያ ከሄደ ሥዕል ትምህርት ቤት የሚያስገባው ሰው እንደሚያገናኙት ነግረውታል። ሞላ ሌሊትና ቀን የሚያልመው ይኼንኑ ነበር። በእጁ ያለው ግን ሠላሳ ዘጠኝ ሥዕል ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከጣቢያው መጋዘን አንድ ተራ ብርቱካን አወጣ። ከገበያ የመጣ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ውስጡ ቢጫ የሆነ ብርቱካን ነው። ከፊቱ አስቀምጦ ሣለው። ቅጠሉን ከሸህ አብዱልጀሊል ዛፍ ባመጣው ቅጠል አስመስሎ ሠራው። በአንድ ቁጭታ ጨረሰው፤ እጁም እንደዚያን ቀን ታዝዞለት አያውቅም። ከሥሩ «የሸህ አብዱልጀሊል ብርቱካን፣ ሐብሩ» ብሎ ከነቀኑ በዚያ በሚያምር ፊደሉ ጻፈበት።

አቶ ኡበይደላ ሥዕሉን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

«ደረሰ እንዴ? እኔ የሚቆይ መስሎኝ።»

«ቀድሞ ደረሰ።»

«ቆርጠህ አየኸው?»

«አይቼዋለሁ» አለ ሞላ።

ዓርብ ዕለት መኪናው ላይ ወጣ። አዲስ አበባ ሥዕሎቹን የተረከበው ሰው አመስግኖ ፈረመለት። ትምህርት ቤቱ ግን ምዝገባው አልፎ ነበር፤ ለከርሞ ና ተባለ። በዓመቱ በጀቱም ተቋረጠ፣ መጽሐፉም ሳይታተም ቀረ፤ እንዲህ ሆነ እንጂ ማንም ክፉ አልሠራበትም። ሞላ በአሥራ አንደኛው ቀን መርሳ ተመለሰ።

ግንቦት ሲጋመስ ሸህ አብዱልጀሊል ጣቢያው ድረስ በእግራቸው መጡ። ስምንት ብርቱካኖች፣ እያንዳንዱ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቅርጫት ይዘዋል። ላባቸውን ጠርገው ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

«ይኸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰልን። አደራህን ቶሎ ሣለው፤ ሦስት ቀን ካደረ መልኩ ይለወጣል።»

«ዛሬውኑ እጀምራለሁ።»

ሸህ አብዱልጀሊል መርቀውት ሄዱ። ወረቀቱም ቀለሙም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሞላ አንዱን ቆረጠው። ልጣጩ ስስ ነው፤ ውስጡ ከመኻሉ ጀምሮ እየቀላ ሄዶ ዳር ሲደርስ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ዘሩ ሁለት ብቻ፣ እነሱም ትንንሽ። ጠረኑ ክፍሉን ሞላው። ብሩሹን አነሣ። ወዲያው ደግሞ፣ አሁን ይህን ከሣልኩ የላክሁትን ምን ልለው ነው፣ አቶ ኡበይደላስ ምን ይሉኛል ብሎ አሰበ። ነገ ዘዴ እፈልግለታለሁ ብሎ ብሩሹን አስቀመጠው። ሁለት የጣቢያው ሠራተኞች ገብተው «ይኼ ነገር ለዓይን ብቻ ነው እንዴ?» ሲሉ እሱ ራሱ አነሣና ሰጣቸው። ሦስት ሆነው ስምንቱንም በሉት። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ብርቱካን በልቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሸህ አብዱልጀሊል በገበያ ቀን ባገኙት ቁጥር «ሥዕሌ እንዴት ሆነች?» ይሉታል። «አዲስ አበባ ነች» ይላቸዋል። ይህንንም ደጋግሞ መመለስ ሲከብደው ገበያ መውጣት ተወ። መንግሥት ሲለወጥ ጣቢያው ተዘጋ፤ ሞላም ወልድያ ገብቶ ሰሌዳ ጸሐፊ ሆነ። አቶ ኡበይደላ ሞቱ፤ ሸህ አብዱልጀሊልም ሞቱ። በሁለቱም ለቅሶ ላይ አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አንዲት ወጣት ሴት እሱ ካለበት ግቢ ድረስ መጣች። ሊዲያ ትባላለች፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ፍራፍሬ ታስተምራለች። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ቁም ሳጥን ሲያስወግድ ሠላሳ ስምንት ሥዕሎች ተገኝተዋል፤ የቀሩትን ሁለቱን ውሃ በልቷቸዋል። በየሥዕሉ ጥግ ላይ «ሞላ» የሚል ጽሑፍ አይታ ከሰው ሰው እየጠየቀች ነው ያገኘችው።

«ጋሽ ሞላ፣ እርስዎ ምን እንደሠሩ ያውቃሉ?» አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ከነዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዝርያ ዛሬ ማግኘት አልተቻለም። የሐብሩ ብርቱካን በበሽታ እየደረቀ እንዳለቀ ያውቃሉ። ከመጥፋት የተረፈ አንድ እንኳ ዛፍ ካለ፣ መለየት የምንችለው በእርስዎ ሥዕል ነው።»

ሞላ «ደግ» ብቻ ነበር ያለው። ከሁሉ ያማረው የትኛው እንደሆነ ስትነግረው ግን ቀና ብሎ አላያትም። የሸህ አብዱልጀሊል ብርቱካን ነው አለችው፤ ልታዘጋጀው ላሰበችው የሥዕል ትርኢት ማስታወቂያም የመረጠችው እሱኑ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ መርሳ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ሥዕሎቹ ታዩ። ሞላን ከፊት ወንበር አስቀምጠው ጋቢ አለበሱት። ሰው ቆሞ አጨበጨበለት፤ አራት ጊዜ። ሰሌዳ ሲጽፍ ላጠፋው ፊደል እንኳ ሲሰደብ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ዓሪፍ የሚባል የውርጌሳ ገበሬ ሦስት ብርቱካን በፌስታል ይዞ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ችግኙን ሸህ አብዱልጀሊል ለእናቱ እንደሰጧት፣ ዛፉ አርጅቶ ግማሽ ጎኑ እንደደረቀ፣ ሆኖም ዘንድሮም እንዳፈራ ተናገረ። ሊዲያ በደስታ እጇ እየተጣደፈ አንዱን ቆረጠችው። ከሥዕሉ አጠገብ አስቀመጠችው። ፊቷ ቀዘቀዘ።

«ይኼ ልጣጩ ስስ ነው» አለች። «ውስጡም ቀይ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ቢጫ ነው፤ ዘሩም ብዙ ነው። አይደለም፣ ጋሽ ዓሪፍ። ምናልባት ከሌላ ጋር ተደባልቆ ይሆናል።»

ከሰዉ መኻል ነጠላዋን በራሷ ላይ የጣለች ሴት ቀረብ አለች። የሸህ አብዱልጀሊል ልጅ ዓቢዳ ነበረች፤ እሷም አሁን ሃምሳ አምስት አልፏታል።

«ልጄ፣ የኛው እኮ ውስጡ ቀላ ይል ነበር» አለች።

«እማማ፣ ሥዕሉ ከፍሬው ከራሱ ነው የተሣለው። ቀኑም ተጽፎበታል።»

ዓቢዳ ሥዕሉን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ሞላ ዞረች።

«አንቱ አይደሉ አይተው የሣሉት? እንዴት ነበር?»

የተቆረጠው ፍሬ ከሞላ ክንድ ርቆ አልነበረም። ጠረኑ ከመድረሱ በፊት አውቆታል፤ ሲደርሰው ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ከዚያች ጠረጴዛ አጠገብ አቆመው። አሁን መናገር ነበረበት። ጋቢው ትከሻው ላይ ነው፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየዋል፤ ልጁ ከሁለተኛው ረድፍ በስልኳ ፎቶ ታነሣዋለች።

«ጊዜው ርቋል» አለ። «ሥዕሉ ላይ እንዳለው ነው።»

«እንግዲያ ሥዕሉ ካለ እኔ ምን እላለሁ» አለች ዓቢዳ። «ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

ዓሪፍ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ሦስቱን ብርቱካኖች ልጆች ተከፋፈሏቸው።

ሞላ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልህ አለው። ልጁ «ጋቢ ያለበሱህ ሰዎች ቀንተውብህ ዓይን አርፎብህ ይሆናል» ብላ ጸበል አመጣችለት። ጠጣው፤ ምን ያድርግ። ወደ ዓሪፍ ሊሄድ ቢያስብም ውርጌሳ የሚያደርሰው መንገድ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ነበር። እነዚያ ሦስት ቀናት በእሱ አይቆጠሩም። የቀሩት ስድስቱ ግን የራሱ ነበሩ። በየጠዋቱ ጫማውን ያጠልቃል፤ መናኸሪያ ይደርሳል፤ ረዳቱ «ውርጌሳ፣ ደሴ!» እያለ ሲጠራ ይሰማል፤ ይመለሳል።

በአሥረኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፈረ። ውርጌሳ ወርዶ የዓሪፍን ቤት ሲጠይቅ ሰው መንገዱን በጣቱ ጠቆመው። ዓሪፍ ከማሳው መኻል ነበር። አዲስ የታረሰ መሬት ላይ የሽንኩርት ችግኝ በመደዳ ይተክላል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አቶ ዓሪፍ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። አንቱ ያ ሠዓሊው አይደሉ? ኑ፣ ግቡ።»

«ዛፉን ልየው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዓሪፍ ቀና አለ። ጭቃውን ከእጁ አራገፈ።

«የቱን ዛፍ? ያን ቆረጥኩት። ዛሬ አራት ቀኑ ነው። ሥሩንም ነቀልኩት፤ ይኸው ሽንኩርቱ ያለበት ቦታ።»

ሞላ የቆመበት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው፣ አሞዎት ነው?»

«ያ ብርቱካን እሱ ነበር» አለ ሞላ። «የሸህ አብዱልጀሊል ነበር። እኔ ነኝ ያልሣልኩት። የሣልኩት ሌላ ነው፤ ከመጋዘን ያወጣሁት። ያን ጊዜም ዋሸሁ፣ ያለፈውም ሰሞን ዋሸሁ።»

ዓሪፍ ነገሩ ቶሎ አልገባውም። ሲገባው ወደ ሽንኩርቱ መደብ ዞረ።

«እናቴ ስትሞት አደራ ብላኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ይኸው አሥር ዓመት ዙሪያውን እያረስኩ እሱን ስተው ኖርኩ። ያቺ መምህርት እሱ አይደለም ስትለኝ፣ ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው አልኩ። ወላሂ፣ አንድ ቃል ብትሉኝ ኖሮ ባልነካሁት።»

ጮኾ ቢሰድበው ለሞላ ይሻለው ነበር። ዓሪፍ ግን ተነሥቶ ውሃ አመጣለት።

ሊዲያ ስልክ ሲደወልላት ሞተር ሳይክል ተከራይታ በዚያው ቀን ደረሰች። ግንዱ ለዳቦ ቤት ማገዶ ሄዷል። ከአጥሩ ላይ ተጥለው ከነበሩት ቅርንጫፎች ገና ያልደረቁ የመሰሏትን ቆረጠች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ወሰደቻቸው። ቀንበጥ የሚያበቅሉ ዐሥራ ሁለት ዐይኖች አውጥታ በሌላ ብርቱካን ችግኞች ላይ እንዲያድጉ ከተበቻቸው። ሞላ በየሳምንቱ ዩኒቨርሲቲው ችግኝ ጣቢያ እየሄደ ያያቸው ነበር። በመጀመሪያው ወር ስምንቱ ጠቆሩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቀሩት አራቱም ተከተሉ። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱም አልያዘም።

ለዓቢዳ የነገራት ራሱ ሄዶ ነው። ደጇ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስለ ቅርጫቱም፣ ሦስት ሆነው ስለ መብላታቸውም ነገራት።

«አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ብርቱካኔ አዲስ አበባ ተሥላ አለች ይሉ ነበር» አለች። «ዛፏ ስትደርቅ ሁላችን ስናለቅስ እሳቸው አላለቀሱም። ሥዕሏ አለች ብለው።»

ሞላ አንገቱን ደፋ።

«ጣዕሙ ትዝ ይልዎታል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«እስቲ ንገሩኝ። እኔ ረስቼዋለሁ።»

ሊነግራት ሞከረ። ጣፋጭ ነው አለ፤ ከጣፋጭነቱ በኋላ ምላስ ላይ የምትቀር ትንሽ መረር የምትል ነገር ነበረችው አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አጣ። ዓቢዳ ትንሽ ጠበቀችው። ሌላ ነገር አለመኖሩን ስታውቅ «እሺ፣ ይበቃል» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ይቅር ብዬዎታለሁም አላለችው፣ አይምጡብኝም አላለችው።

መስከረም ላይ ሊዲያ ጠራችው። ሥዕሎቹ በመዝገብ ሊያዙ ነው። የብርቱካኑን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለትና እርሳስ ሰጠችው። ሞላ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ በግራው እየደገፈ፣ ከጥንቱ ጽሑፍ ሥር «ይህ ሥዕል ከፍሬው አልተሣለም» ብሎ ጻፈ፤ ስሙንና ቀኑንም ጨመረበት። ፊደሉ ዘመመ። ያለቀ መስሎት ሊነሣ ሲል ሊዲያ ያዘችው።

«ጋሽ ሞላ፣ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ልጠይቅዎ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ግድ ነው።»

ይህን አልጠበቀም ነበር። በሌሎቹ ሠላሳ ሰባት የሚጠረጥረው ይመጣል ብሎ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

«ሌሎቹ እውነት ናቸው» አለ።

«አምንዎታለሁ። ግን ማመኔን መጻፍ አልችልም። የሚሉትን ነው የምጽፈው።»

የጊራናውን ማንጎ አወጣች። አየው፤ ከቢጫው ወደ ቀይ የሚያልፈው መስመር እንዳለ ነው።

«ይኼን ሦስት ቀን ተቀምጬበታለሁ» አለ።

ሊዲያ «እንደ ሠዓሊው ቃል ከፍሬው የተሣለ» ብላ ጻፈች። የሚቀጥለውን አነሣች። ከዚያም የሚቀጥለውን። በየአንዳንዱ «አይቼዋለሁ» ይላል፤ ቃሉ ከአፉ በወጣ ቁጥር ያ ለአቶ ኡበይደላ የመለሰው ቃል መሆኑ ይሰማዋል። ሃያ ሁለተኛው የሐራ ፓፓያ ነበር። ሞላ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ደግሞ አጠለቀው፤ ሥዕሉንም ረጅም ጊዜ አየው።

«ፍሬውን አይቼዋለሁ። ቅጠሉን ግን… ከዚያው ዛፍ ይሁን ከሌላ…»

ሊዲያ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችው።

«አላስታውስም» አለ። «አላስታውስም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈችውና ሃያ ሦስተኛውን ዘረጋችለት።